ከርነሉ ደነገጠ

ማታ ላፕቶፔን አፕዴት አድርጌ ተኛሁ። መጨረሻ ላይ የሆነ ስህተት ጽፎ ነበር፤ እንቅልፍ ስላዳፋኝ አላነበብኩትም። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር፣ የካፕስ ሎኳ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ከታች «ከርነል ፓኒክ» ተጽፏል። እሱ ከደነገጠ እኔ ምን ልሁን?

ከፍ ብዬ ሳነብ፣ ሩት ፋይል ሲስተሙን ማውንት ማድረግ አቃተኝ ይላል። ዲስኩንም አላውቀውም፤ አድራሻው (0,0) ነው። ሦስት ዓመት አብሮት የኖረውን ዲስክ!

መጀመሪያ በኤክስት4 ድራይቨር አሳበብኩ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ለሥራ ብቁ ነው የተባለ ድራይቨር ላይ ማሳበብ ነውር ነው፤ ግን ግማሽ ሰዓት አሳበብኩ። ጣጣው ሌላ ነው። ዴቢያን ላይ ይሄ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አልተሰፋም፤ ለብቻው ሞጁል ሆኖ እዚያው ዲስክ ላይ ተቀምጧል። ዲስኩን ለማንበብ ድራይቨሩ ያስፈልጋል፤ ድራይቨሩን ለማምጣት ዲስኩ መነበብ አለበት። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን የዘጋ ሰው ታውቃላችሁ አይደል? ለዚህ ሲባል ኢኒትራምኤፍኤስ የምትባል ስንቅ አለች። የራሱ ማንበቢያ ያለው ማስነሻ፣ ግራብ፣ ከከርነሉ ጋር ሚሞሪ ላይ ያወጣታል፤ ድራይቨሩ እሷ ውስጥ ታጥፎ ይመጣል። የኔው አዲስ ከርነል ያለ ስንቅ ነበር የወጣው።

ከግራብ ሜኑ አሮጌውን ከርነል መረጥኩ። ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣ። የዲስክ ቦታ ሳይ ከርነሎቹ የሚቀመጡበት የቡት ክፍል 100 ፐርሰንት ሞልቷል፤ ግማሽ ጊጋ ላይ አምስት አሮጌ ከርነሎች ከነስንቃቸው ተደርድረዋል። አዲሱ እንደምንም ገብቶ ስንቁ ውጭ ቀረች። የማታው ጽሑፍ ይሄንኑ ነበር የሚለኝ።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማለች።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?»

«አሮጌ ከርነሎች።»

«ለምን አልጣልካቸውም?»

«ምናልባት ያስፈልጉ ይሆናል ብዬ...»

ቅዳሜ ዕለት ባዶ የወተት ጣሳዎቿን ልጥል ስል ቃል በቃል ይሄንኑ ነበር ያለችኝ። እኔም ስለ ንጽሕና ረጅም ንግግር አድርጌ ነበር።

ቶሎ ብዬ አውቶሪሙቭ አልኩት። አራቱን ጠረገ፤ የተነሣሁበትን ግን አልነካውም። ኢኒትራምኤፍኤሷን እንደገና አሠርቼ ሪስታርት አደረግኩ። አዲሱ ተነሣ።

«አምስት ነበሩ አይደል?» አለችኝ ወደ ኩሽና እየሄደች። «የኔ ጣሳ አራት ነው።»