ስለ 1 ሜትር ከ25 ቅሬታ

በሽርሽር መርከብ ኮፐንሃገን ደርሶ ላንገሊኒ ወደብ ላይ የወረደ መንገደኛ በእግሩ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትንሿ የባሕር ልጃገረድ ሐውልት ነው። ሲደርስም «ይቺ ናት እንዴ?» ይላል። ጥያቄው በየቋንቋው ይጠየቃል፤ ዜማው ግን አንድ ነው። እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ እንደ ቅሬታ ሲቆጥረው ኖሯል። የዚህ ጥናት አቋም ግን ሐውልቷ ማነሷ ለመንገደኛው የተሰጠ አገልግሎት ነው፣ የሚያስተዛዝበውም ክፍያ አለመጠየቁ ነው የሚል ነው።

ማስረጃው ከልኳ ይጀምራል። ቢራ ጠማቂው ካርል ያኮብሰን ያሠራት፣ ቀራፂው ኤድቫርድ ኤሪክሰን የሠራት፣ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመረቀችው ይህች የነሐስ ሐውልት ቁመቷ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 175 ኪሎ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ታህላለች፣ ሁለት ኩንታል አትሞላም። አጠገቧ የሚሆነውን ልብ ብሎ ላየ፣ አንዱ እርጥቡን ድንጋይ በጫማው ጫፍ እየፈተነ ይጠጋል፤ ሌላው ስልኩን ከፍ አድርጎ የማያውቀውን ሰው ክርን ከፎቶው ለማስወጣት ይታገላል፤ ቀጥሎ ሁለቱም ማዶ ያለውን የቀድሞ መርከብ መሥሪያ ግቢ ገረፍ አድርገው ሰዓታቸውን ያያሉ። አለቀ። ግዙፍ ብትሆን እዚያው አንጋጠው ይውሉ ነበር። የተከፋ እግር ግን አይቆምም፤ ካሣውን ፍለጋ በካስቴሌት ምሽግ አፈር ካብ በኩል አድርጎ ወደ ጌፊዮን ፏፏቴ፣ ከዚያ ንጉሣውያኑ ወደሚኖሩባቸው አራቱ የአማሊየንቦርግ ሕንፃዎች፣ ሲመቸውም ተረት ጸሐፊው አንደርሰን በሦስት የተለያዩ ቤቶች እስከኖረበት የኒሃቭን ቦይ ይዘልቃል። ከተማዋን በእግር ያስጎበኘው እንግዲህ መመሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ኩርፊያ ነው።

ሐውልቷ የምትጎበኘው ለመርከቡ ስለምትቀርብ ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ቅርበት ቢሆን ኖሮ ጌፊዮንም ሩቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1908 የቆመችው ይህች ሴት አምላክ ልጆቿን ወደ በሬነት ለውጣ፣ በሁለት ጥማድ ምድር አርሳ የሼላንድን ደሴት ከስዊድን ስትገነጥል ትታያለች። በሬዎቹ ግዙፍ ናቸው፣ ውኃው ይጮኻል፣ ጅራፉም ተነስቷል። ሆኖም ከመርከብ ሲወርድ «በሬዎቹ የት ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። መንገደኛው ስለ ትንሽነቷ አስቀድሞ አልተነገረውም የሚለው ክርክር ደግሞ መልስ እንኳ አያሻውም፤ ስሟ «ትንሿ» ነው። ዴንማርኮች ከዚህ በላይ እንዴት ያስጠንቅቁ?

ከበድ የሚለው ተቃውሞ የመጣው በመጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ራሷ ተቆርጦ ተወሰደ፤ በ1984 ክንዷ ሄደ፤ በ1998 እንደገና ራሷ። ታዲያ ማነሷ ጥቅም ከሆነ ይህ ሁሉ ጥላቻ ከየት መጣ? ጥናቱ ድርጊቱን አይደግፍም፤ ነገር ግን ማስረጃነቱን አይንቅም። ራስ የሚወሰደው ከሚደረስበት አንገት ላይ ነው። የጌፊዮንን ራስ የፈለገ ሰው መሰላል መሸከም አለበት፤ መሰላል የተሸከመ ሰው ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ያስጠይቃል። ስለዚህ መጋዙ የሚመሰክረው ያንኑ 1 ሜትር ከ25 ነው።

ሐውልቷ ትተለቅ የሚል ሐሳብ ያለው ካለ መርከቡ የሚነሳበትን ሰዓት አስቀድሞ ያስብ። ከኒሃቭን ወደ ላንገሊኒ የሚመለሰው መንገደኛ እግሩ ዝሎ፣ በእጁ ቀዝቅዞ የቀረ ቡና ይዞ፣ በዚያው በሐውልቷ በኩል ያልፋል። ጠዋት ያኮረፈባትን አሁን ቀና ብሎ እንኳ አያያትም። ዓይኑ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ያለው የመርከቡ ጭስ ማውጫ ላይ ነው፤ እሱ ትልቅ ነው።