ከንጉሥ አምልጦ በመኪና ማቆሚያ የተያዘ ሜዳ

ሰው ሲያረጅ ያማርራል ይሉኛል። እንኳን አማረርሁ! ለሰው አገር ሣር ስጎነበስ ወገቤ የተቆረጠ፣ ልጆቼ የሳቁብኝ፣ ከካውንስል ቅጽ ጋር ስታገል የማመሽ እኔ ካላማረርሁ ማን ሊያማርር ነው?

ጣጣው የመጣው ከጡረታ ጋር ነው። ሐኪሙ «ቤት አትቀመጥ፣ ተንቀሳቀስ» አለኝ። ከማንችስተር ወጣ ብላ ባለች የላንክሻየር ከተማ ለሚኖር ጡረተኛ መንቀሳቀስ ማለት ወይ ሱፐርማርኬት መዞር ነው፣ ወይ ከሰፈሩ መጠጥ ቤት ጀርባ ባለው ሣር ላይ ኳስ ማንከባለል። ሱፐርማርኬቱ ገንዘብ ያስወጣል፤ ሣሩን መረጥሁ። ለንደን ያለው ወዳጄ ይህን ሲሰማ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

ጨዋታው ክራውን ግሪን ቦውልስ ይባላል። የደቡብ እንግሊዝ ሰዎች ቦውልስን ለጥ ባለ ሜዳ ላይ፣ በመስመር ተከፋፍለው በሥርዓት ይጫወታሉ። የሰሜን ሰው ግን ቀና ነገር አይወድም። ሜዳው መሐሉ ላይ እንደ አክንባሎ ጎበጥ ያለ ነው፤ ከጠርዙ ሩብ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዱ ጋ ከዚያም በላይ ከፍ ይላል። ይህ አልበቃ ብሎ ኳሷ ራሷ ወደ አንድ ጎን እንድታደላ ሆና የተሠራች ናት፤ ቀጥ አድርገህ ብትልካት ዞራ ሌላ ቦታ ትደርሳለች። ይህም አልበቃ ብሎ ዒላማዋ፣ ጃክ የሚሏት ትንሿ ኳስ፣ እሷም ታደላለች! በደቡቡ ጨዋታ እኮ ጃኳ እንኳ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እንግዲህ ሜዳው ጎባጣ፣ ኳሱ ጠማማ፣ ዒላማው ጠማማ፣ በላዩ ላይ የላንክሻየር ዝናብ። ሰው ሁለት ሁለት ኳስ ያንከባልላል፤ ለጃኳ የቀረበው ነጥብ ያገኛል፤ ቀድሞ 21 የገባ አሸነፈ። በየትኛውም አቅጣጫ መጫወት ስለሚፈቀድ ብዙ ጨዋታ ባንድ ሣር ላይ ይተላለፋል። የማላውቀው ሰው ኳስ ቁርጭምጭሚቴን ሲመታኝ «ሶሪ» ይለኛል። ሶሪ ቁርጭምጭሚት ይጠግናል?

ስለ አክብሮትማ ባላነሣው ይሻላል። የልጅ ልጄ እኩያ የሆነ ጎረምሳ መጥቶ በስሜ ይጠራኛል። ጋሼ የለ፣ አባባ የለ፣ አንቱታ የለ። እሱ ይቅር፤ ስሜን እንኳ አስተካክሎ አይጠራውም። ደግሞ ያሸንፈኛል።

ከሁሉ የከፋው ልኬቱ ነው። ሁለት ኳሶች ለጃኳ እኩል የቀረቡ ሲመስሉ ገመድ ይወጣል። አንዱ ሽማግሌ ጉልበቱ እየጮኸ ይንበረከካል፤ የገመዱን ጫፍ ጃኳ ላይ ይይዛል፤ ሌላው ወደ ኳሱ ይስባል። ሁሉም ከበው፣ ትንፋሽ ውጠው፣ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ታዲያ በአንድ እንዲህ ባለ ልኬት ላይ ከአባሎቻችን አንዱ «ገመዱ ረግቧል» አለ። ሌላው «አልረገበም» አለ። የአንዱ እህት የሌላው ሚስት ናት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው «ተራው ነው በለው» ይሉኛል፤ እኔ መሐላቸው ሆኜ ከግራ የሰማሁትን ወደ ቀኝ አቀብላለሁ። በአገሬ ብሆን ሽማግሌ ተቀምጦ በአንድ ከሰዓት ይፈታ ነበር። እዚህ ግን ሽማግሌዎቹም ተጣዪዎቹም እነሱው ናቸው።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ቅጹ ነው። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት የሆነው ድርጅት ሜዳውን «ለሌላ አገልግሎት» እንደሚያስብበት በደብዳቤ አሳወቀን። ሌላ አገልግሎት ማለት መኪና ማቆሚያ ነው፤ ቢያምር ቢያምር አፓርታማ። እኛም በ2011 በወጣው ሕግ መሠረት (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አስቡልኝ) ሜዳው ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ንብረት ተብሎ እንዲመዘገብ ካውንስሉን ልንጠይቅ ተነሣን። ቅጹ «የክለቡ ታሪክ» የሚል ሳጥን አለው። ጸሐፊያችን «አንተ ማንበብ ትወዳለህ፣ አንተ ጻፈው» አለኝ። የድሮው መዝገብ የት አለ ብል፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፣ ቆርቆሮው ግን የት እንደገባ አይታወቅም ተባልሁ። ብስኩቱ የት እንደገባ እኔ አውቃለሁ።

መዝገብ ከጠፋ ከሥሩ ልጀምር ብዬ ከ1299 ተነሣሁ፤ የሳውዝሃምፕተኑ አሮጌ ሜዳ ከዚያ ዓመት ጀምሮ አለ ይባላልና። ጸሐፊው አንብቦ «የእኛን ብቻ ጻፍ» አለ። የእናንተስ ከየት የበቀለ መሰላችሁ?

ሄንሪ ስምንተኛ፣ ያ ሚስት የማይበረክትለት ንጉሥ፣ ሕዝቤ የቀስት ልምምዱን ትቶ ኳስ ያንከባልላል ብሎ ተቆጣና በ1541 ሕግ አወጣ። የእጅ ባለሙያ፣ ገበሬ፣ አሽከር፣ ተለማማጅ ሁሉ ከገና በቀር ቦውልስ እንዳይጫወት፤ ገናም ቢሆን በጌታው ቤት ወይም ጌታው ቆሞ እያየው። በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ያለው ግን በግቢው ማጫወት ይችላል። ሳነበው ሳቄ መጣ። በእኛም አገር ገና ሲደርስ ሎሌው ዱላውን ይዞ ከጌታው እኩል ሩር ይመታል፤ ጌታም አይቆጣም። ልዩነቱ፣ የእኛው ጌታ ሜዳ ገብቶ ቅልጥሙን ይመታል፤ የእነሱ ዳር ቆሞ ይጠብቃል።

ያ ሕግ የተሻረው በ1845 ነው። ሦስት መቶ ዓመት ከምናምን! ሰዉስ ተወ? ምን በወጣው። ፍራንሲስ ድሬክ በ1588 የስፔን መርከቦች መጡ ሲባል ፕሊመዝ ላይ መጀመሪያ ጨዋታዬን ልጨርስ አለ ይባላል። ተረት ሳይሆን አይቀርም፤ እኔን የሚያናድደኝ ግን ተረቱን ያወሩት ሰዎች ማን እንዳሸነፈ ሳይነግሩን መቅረታቸው ነው።

ቀጥሎ ኤድዊን ቡዲንግ የሚባል የግሎስተርሻየር ሰው መጣ። በ1830 የሣር ማጨጃ መኪና ፈልስፎ መብቱን አስመዘገበ። ከዚያ በፊት ሣር በማጭድና በበግ ነበር የሚስተካከለው። የእኛን ክለብ ማጨጃ ያየ ሰው ቡዲንግ ራሱ የሸጠልን ይመስለዋል፤ በጉ ይሻል ነበር።

ከዚያማ ጊዜው የላንክሻየር ሆነ። የጥጥ ፋብሪካውና የከሰል ጉድጓዱ ሠራተኛ የቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍት ሲያገኝ ቢራ ጠማቂዎች ነቄ ሆኑ፤ ጓሮው ሜዳ የሆነ መጠጥ ቤት ጠጪ አያጣም። ፋብሪካው ሲዘጋ ሠራተኛው በባቡር ወደ ብላክፑል ባሕር ዳርቻ ይጎርፋል፤ ጨዋታውም ተከትሎት ሄደ። በ1873 ታልቦት ሆቴል፣ በ1907 ደግሞ ዋተርሉ ሆቴል ውድድር ጀመሩ። የአገር አቀፉ ማኅበርም የተቋቋመው በዚያው በ1907 ነው። ዋተርሉ ማለት ለዚህ ጨዋታ ሰዎች ታቦት የወጣበት ሜዳ ማለት ነው፤ ስሙ ሲነሣ ባርኔጣ የሚያወልቁ ሽማግሌዎች አውቃለሁ። ብራያን ዳንከን የሚባለው የላንክሻየር ሰው ከ1979 እስከ 1992 ባለው ጊዜ አምስት ጊዜ አሸንፎበታል። በዚያ ዘመን ቢቢሲ በቴሌቪዥን ያሳየው ነበር። አሁን ብታዩ ምግብ ሲያበስሉ ነው የሚያሳዩት፤ እሱም ያለ በርበሬ።

በገንዘብ የሚጫወቱም ነበሩ። ፓነል ይባላሉ፤ ጨዋታቸው እስከ 41 ነጥብ ነው፤ ተመልካቹ ዳር ቆሞ ይወራረድባቸዋል። እኔ? በጾም አልወራረድም።

ታዲያ ንጉሥ ያላጠፋውን፣ ሁለት የዓለም ጦርነት ያላጠፋውን ምን አጠፋው ትሉኛላችሁ? ሒሳብ። ሰዉ ቢራውን ከሱፐርማርኬት በርካሽ ገዝቶ ሶፋው ላይ መጠጣት ለመደ። በ2007 በመጠጥ ቤት ውስጥ ማጨስ ተከለከለና አጫሹም ደጅ ወጣ፤ ደጁ ደግሞ ዝናብ ነው። ባለቤቶቹም ጓሯቸውን አዩ። ቦውልስ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ነው፤ መኪና ግን ክረምት ከበጋ ይቆማል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጠላት ቢኖረን እንኳ ይሻለን ነበር። የሚጠላን የለም። ደብዳቤው ራሱ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ይላል።

እኛም ከባለቤቱ ጋር ብቻ አይደለም የምንታገለው። እግረ ረጅም የሆነች ዝንብ አለች፤ መኸር ላይ እንቁላሏን ሣሩ ውስጥ ትጥላለች፤ ትሉ ክረምቱን ከሥር እየበላ ይደልባል። ፀደይ ሲመጣ ሣሩ ቢጫ ይሆናል፤ ቁራ ደግሞ ትሉን ፍለጋ የቀረውን ይቆፍረዋል። ድሮ የሚረጭ መድኃኒት ነበር፤ በ2016 ተከለከለ። ንቦቹ ደስ ይበላቸው። አሁን ምን እናደርጋለን? ማታ ሜዳውን በጥቁር ፕላስቲክ እንሸፍነዋለን። ትሉ ጨለማው ያላለቀ መስሎት ወደ ላይ ይወጣል። ማለዳ ፕላስቲኩን ስንገልጥ ግራጫ፣ የእግር ጣት የሚያህል፣ እጅ እግር የሌለው ነገር እርጥቡ ሣር ላይ ተሰጥቶ ይጠብቀናል። በመጥረጊያ እየጠረግን በባልዲ እናወጣለን። ባለቤቴ «ለኪዳን ሲሉት ጉልበቴን የሚል ሰው፣ ለትል ይነሣል» ትላለች። ምን ብዬ ልመልስ? ዝም ብዬ ቦት ጫማዬን አደርጋለሁ።

ወደ ቅጹ ልመለስ። ተሳክቶልን ብንመዘገብ እንኳ የሚሰጠን ዕድል ይህ ነው፤ ባለቤቱ ልሽጥ ሲል እኛ መግዛት እንፈልጋለን ካልን እስከ ስድስት ወር ይጠብቀናል። ገንዘቡን ካላገኘን ይሸጣል። ብናገኝም ለእኛ የመሸጥ ግዴታ የለበትም! ምዝገባውም በአምስት ዓመቱ ያበቃል። የትሉ ዕድሜ ይሻላል አልኋቸው፤ ማንም አልሳቀም። ደግሞ እንደኛ የሕግ ሰውነት የሌለው ቡድን ለማመልከት ቢያንስ 21 የአካባቢው መራጮች ያስፈልጉታል። ልብ በሉ፣ 21! ይህ ቁጥር ሜዳ ላይ ሲያሳድደኝ ኖሮ ወረቀት ላይም ተከተለኝ።

እኔም ቤት ለቤት ዞርሁ። ባለቤቴን አስፈረምሁ፤ ልጄን እየሳቀች አስፈረምኋት፤ በስሜ የሚጠራኝ ጎረምሳ እንኳ አሥራ ስምንት ሞልቶት ፈረመ። 19 ሆንን። የቀሩት እነዚያ ሁለቱ የገመድ ባላጋራዎች ናቸው። አንደኛው ቤት ሄጄ ሻይ ጠጣሁ፤ የተሰበረ ብስኩት አቀረቡልኝ። «እሱ ከፈረመ በኋላ እፈርማለሁ» አለኝ። ሁለተኛው ቤት ሄጄ ሻይ ጠጣሁ። «ከእሱ ስም በታች ስሜን አልጽፍም» አለኝ። እሺ፣ ጎን ለጎን ፈርሙ አልሁ፤ በግራ በኩል የሚፈርመው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። በሁለት ወረቀት ለየብቻ አቀረብሁላቸው። አሁን ደግሞ ለካውንስሉ ሲገባ የማን ወረቀት ከላይ እንደሚሆን እየጠየቁ ነው፤ እሱንም ልኬት ይጠራበት ብለዋል፣ በአዲስ ገመድ፣ እኔ ይዤ።