አሳታሚያችንን አትንኩብን

አዲስ የተከፈተ የኢንተርኔት አሳታሚ የሚታመን መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የሒሳብ መዝገብ ማገላበጥ ያስፈልጋል የምትሉ ካላችሁ ኋላ ቀርታችኋል። አሜሪካ ውስጥ የመኝታ ቤት ትዕይንት የማይጠፋበትን የፍቅር ልብ ወለድ የሚጽፉ ደራስያን የተሻለ ሚዛን ካገኙ ቆዩ። የአሳታሚዋ ባለቤት እሑድ ማታ ለተላከላት ኢሜይል መልሳለች? «ውዴ» ብላለች? ከስሟ ጎን ቀይ ልብ አስቀምጣለች? በቃ፣ አሳታሚዋ ትታመናለች፤ ፈርሙ።

መቼም ምቀኛ አይጠፋም። አንዷ ብድግ ትልና «ለመሆኑ ይህ ድርጅት ከተከፈተ ስንት ወሩ ነው? ከባለቤቷ መጻሕፍት ሌላ ምን ሸጦ ያውቃል? ሮያሊቲ የሚከፍለውስ መቼ መቼ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ አስቀድሞ ተሰናድቷል፤ ጽሑፏን መልሰውባት ነው፤ ቀንታ ነው፤ ደግሞስ እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን። ነውሩም ግልጽ ነው። በዚህ ዘርፍ ገጸ ባሕርያቱ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ልብሳቸውን ይጥላሉ፤ አሳታሚውን «መዝገብህን ገለጥ አድርግልን» ማለት ግን ብልግና ነው።

እምነቱ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ቲና ኤንግለር የኒው ዮርክ አሳታሚዎች የማይደፍሩትን ትኩስ ታሪክ ይዛ እ.ኤ.አ. በ2000 ኦሃዮ ውስጥ ኤሎራስ ኬቭን ስታቋቁም ብዙ ሰው ስቆባት ይሆናል። ኪንድል የተባለው የዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ ከመወለዱ በፊት በኢንተርኔት መጽሐፍ ሸጠው ጥሩ ገንዘብ ያገኙ ደራስያን ግን ከዚያ ቤት ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተርና የሽፋን ሥዕል ያለው ሁሉ አሳታሚ ሆነ። ደረቱን የገለጠ ጎረምሳ ሽፋኑ ላይ ካለ ሌላ ምን ይጎድላል?

ቤተሰብነቱን ካነሣን ትሪስኬሊዮንን ማመስገን ይገባል። ይህ የአሪዞና አሳታሚ በ2007 ከሰረ። የደራስያኑ ውል ከወንበሩና ከጠረጴዛው ጋር አብሮ የባለዕዳው ንብረት ተብሎ ተቆጠረ። «ድርጅቱ ከከሰረ መብቱ ለደራሲው ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ውል ላይ ማስፈር ደስ ይላል፤ የአሜሪካ የኪሳራ ፍርድ ቤት ግን እንዲህ ላለው አንቀጽ እምብዛም ደንታ የለውም። ከቤተሰቡ አልፎ የቤት ዕቃ መሆን ማለት ይኸው ነው።

ለጋሶችም አሉ። ኦል ሮማንስ ኢቡክስ የተባለው የዲጂታል መጻሕፍት መደብር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ለደራስያንና ለአሳታሚዎች ደብዳቤ ላከ፤ በወሩ መጨረሻ እንዘጋለን፣ ላለብን የመጨረሻው ሩብ ዓመት ሒሳብ ከአንድ ዶላር ላይ አሥር ሳንቲም ውሰዱና እንተያይ የሚል። ሦስት ሙሉ ቀን ሰጥቷል! አሥሯን ሳንቲም ይዞ የቀረውን ዘጠና «ስለ ቤተሰብነታችን» ብሎ መተው የደራሲ ጨዋነት ነው።

የጸሐፊዎች ጠባቂ ነን የሚሉ ሰዎች ግን ጨዋነት አያውቁም። እነ ቪክቶሪያ ስትራውስና ኤ. ሲ. ክሪስፒን በ1998 ራይተር ቢዌርን መሥርተው አጭበርባሪ አሳታሚና ወኪል መከታተል ጀመሩ። ጄምስ ማክዶናልድ የተባለው ደራሲ ደግሞ ገንዘብ መሄድ ያለበት ወደ ደራሲው ነው የሚል ሕግ አወጣ። (ለማተሚያ ቤት ከኪሱ ከፍሎ መጽሐፉን ራሱ ተሸክሞ የሚያዞረው የእኛ ደራሲ ይህን ሲሰማ ቢስቅ አይፈረድበትም።)

ስለዚህ አዲሷ አሳታሚ ነገ ብትከፈት አትዘግዩ። መጀመሪያ ሦስት መጽሐፍ በአንድ ቀን ስጧት፤ አንዱን ብቻ ሰጥቶ ማየት ጥርጣሬ ይመስልባችኋል። ጠያቂዋን በኅብረት ውረዱባት። ክፍያው በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ካልገባ ቀይ ልብ ላኩና ባለቤቷ አሟት እንደሆነ ጠይቁ፤ ዘንድሮ ሁሉም ያማል። ነገሩን በአደባባይ ማንሣት ግን አይታሰብ። በ2014 ኤሎራስ ኬቭ ክፍያ ዘገየብን የሚሉ ደራስያንን ቅሬታ የጻፈችውን ሴት በስም ማጥፋት ከሶ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት ዘጋው፤ በ2016 መጨረሻ ደግሞ ራሱን ቤቱን ዘጋ። እናንተ ግን የጠበቃ ወጪ አያስጨንቃችሁ፤ ጉዳዩ እዚያ ከደረሰ ጠበቃውን አሳታሚዋ ታቆማለች።