ሞዴል 22 ወደ ክላውድ ሲሻገር

የማሽን አምራቾቻችን መረጃቸውን ወደ ክላውድ ያሻግሩ መባሉ ደስ ይላል። ኢትዮ ቴሌኮምም «ቴሌክላውድ» ብሎ ገበያ ወጥቷል። አዳማ የሚገጣጠመው ትራክተር ማኑዋሉም፣ ዋስትናውም፣ የመለዋወጫ ዝርዝሩም አንድ ቦታ ቢቀመጥ ማን ይጠላል? እስከ ዛሬ ያኖረን ሲስተም የንብረት ገቢና ወጪ ቅጾቹ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ናቸው፤ በካርቦን ወረቀት የሚባዛ፣ ሦስተኛው ቅጂ ከቶ የማይነበብ። ምትኬው የንብረት ክፍሉ ጋሼ ናቸው፤ እሳቸው ፈቃድ ከወጡ ግን ሲስተም የለም።

እስቲ ክላውዱን ጎጃም፣ አማኑኤል ከተማ ላይ እንሞክረው። ሰኔ ነው፣ ትራክተሩ ማሳ መሃል ቀጥ ብሏል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ያየ መካኒክ «ኔትወርክ ሲመጣ» ብሎ ቁጭ አይልም። የተበላውን ኩሽኔታ ነቅሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ደብረ ማርቆስ ለሚሄደው የሚኒባስ ሹፌር ያቀብላል።

«የዚህን ወንድም ፈልግልኝ!»

ፋይሉ ግሪስ እንደተቀባ፣ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ይደርሳል። ወርሃዊ ክፍያም የለውም፤ የሹፌሩ ሻይ ብቻ።