ጥያቄ አለ? የለም፤ እንቀጥል

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ካሉ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ስሙ ይቅርና፣ ስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ስማርት ቦርድ ተሰቅሏል። በጣት ሲነኩት ይጽፋል፣ በመዳፍ ሲጠርጉት ያጠፋል፣ ቪዲዮ ያጫውታል፣ ሠልጣኙ ከተቀመጠበት በስልኩ መልስ ቢልክ ውጤቱን እዚያው በግራፍ ዘርግቶ ያሳያል። ይህን የሚለው አብሮት የመጣው መመሪያ ነው። እኛ ያየነው ግን እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን በነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ ነው።

ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኗል። ስለዚህ ፈራሚ አለው። ፈራሚ ያለውን ዕቃ ማን ደፍሮ ይነካል? ቢሰነጠቅ ከማን ደመወዝ ሊቆረጥ ነው? እንዲነኩት ተብሎ የተሠራውን ስክሪን ከተሰቀለ ጀምሮ የነካው ሰው ቢኖር ጠዋት ጠዋት አቧራውን የሚያራግፉት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ከዳንቴሉ በላይ።

እኛ የተጠራነው ለሥልጠና ነበር። ርዕሱ ከመግቢያው በላይ በባነር ተሰቅሏል፦ «በይነተገናኝ የመልቲሚዲያ ቴክኖሎጂ ለሥራ ላይ ሥልጠና ያለው ፋይዳ»። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል የተባለው አራት ሰዓት አለፈው፤ የክብር እንግዳው በሥራ መደራረብ ምክንያት ባለመገኘታቸው የወከሏቸው ሰው የወከሉትን ሰው ስንጠብቅ ነው። ንግግሩ አለቀ፣ ጭብጨባው ተጨበጨበ፣ ዳንቴሉ ሊነሳ ነው ብለን ስንቁለጨለጭ ግን ከጓዳ አንድ አሮጌ ፕሮጀክተር ተይዞ ወጣ። የስማርት ቦርዱ ሪሞት መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ያለው ከንብረት ክፍሉ ሰውዬ ዘንድ ነው፤ ሰውዬው መስክ ወጥቷል። የፕሮጀክተሩ ገመድም ከላፕቶፑ አልገጥም ብሎ የአይሲቲው ልጅ ተጠራ። ልጁ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ እስኪወጣ ድረስ አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ንቁ ነበር። «በግራ በኩል ሰካው!» የሚል፣ «አጥፍተህ አብራው!» የሚል፣ እዚያ ድረስ ሄዶ አብሮ የሚንበረከክ። የዕለቱ አሳታፊ ክፍለ ጊዜ ይኸው ነበር ብንል አንዋሽም።

ከዚያ አሠልጣኙ ጀርባቸውን ሰጡንና በእንግሊዝኛ የታጨቀውን ስላይድ ከላይ እስከ ታች አነበቡልን። ሲጨርሱ ዞር አሉ። «እዚህ ድረስ ግልጽ ነው?» ዝም አልን። «ግልጽ ነው። ጥያቄ አለ? የለም፤ እንቀጥል።» ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ መሐል ላይ ትንፋሽ እንኳ አልወሰዱም። ማንም አልከፋውም። እንዲያውም እፎይ ያልን ይመስለኛል።

ይህን ጠይቆ ራስ የመመለስ ጥበብ ማን እንዳስተማረን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክፍል ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በሳተላይት ተለቆ፣ ለመላው አገር በተመሳሳይ ሰዓት ይደርስ ነበር። ማሽኑ እንዳይሰረቅ በቁልፍ ይቆለፋል፤ ቁልፉ የዘገየ ቀን ትምህርቱ አመለጠ። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ፕላዝማው ይወስዳል፤ የክፍሉ መምህር ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጣልለታል፤ በመሐሉ ስክሪኑ አጠገብ ቆሞ ከተማሪው እኩል ያያል።

ፕላዝማው ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። በዚህ እውነቱ ይነገር፤ አሳታፊ እንዲሆን የለፉበት ሰዎች ነበሩ። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ለማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ መልሱ ይመጣል። ችግሩ፣ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ገና ከእንግሊዝኛው ጋር የሚታገለው ልጅ የጥያቄውን ግማሽ ደብተሩ ላይ ሳይገለብጥ መልሱ መጥቶ መሄዱ ነው። «አንዴ ቆየን» ይባል እንዳይባል፣ ከሳተላይት የሚወርድን ሰው በምን ድምፅ ይጠሩታል? መብራት ከጠፋማ አለቀ። ፕላዝማው ለጎንደርም ለጂንካም በአንድ ጊዜ ስለሚናገር፣ መብራት የጠፋበት ትምህርት ቤት ልጆች በማግስቱ የሚጠብቃቸው ቀጣዩ ምዕራፍ ነበር። ዛሬ ቪዲዮ አቁሞ ወደ ኋላ መመለስ የሁለት ዓመት ሕፃን ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ የአንድ አገር መምህራን በሙሉ ተሰብስበው የማይችሉት ነገር ነበር።

ነገሩን ሁሉ ማጣጣል ግን ነውር ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ ብልቃጥ እንኳ አይቶ በማያውቅ ክፍል ውስጥ የኬሚስትሪ ሙከራ በቀለም ታይቷል። የፊዚክስ መምህር ባልተገኘለት ወረዳ የፊዚክስ ድምፅ ተሰምቷል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያን ዓመት ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ሠላሳ አምስትን እየነካካ ነው። ቡድን መሪ ሆኗል፣ ባለሙያ ሆኗል፣ አሠልጣኝ ሆኗል። ከልደታ አዳራሾች ወንበር ላይ የተቀመጠው እሱ ነው፤ ከፊት ቆሞ «ጥያቄ አለ? የለም» የሚለውም እሱ ነው። አንዱ በፕላዝማ ፍጥነት ያስተምራል፣ ሌላው በፕላዝማ ተማሪ ትዕግሥት ይሰማል። ምን ይጋጫሉ?

ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ የሆነው ግን ሌላ ነበር። በ2004 ዓ.ም. «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚለውን ፕሮጀክት የመሠረቱት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴና ባልደረቦቻቸው ፊደል ላልቆጠሩ የገጠር ልጆች የታሸጉ ታብሌቶችን አደረሱ። አሠልጣኝ አልመጣም፣ መመሪያ አልተነበበም። ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገሩት፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መንደሩ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምር ነበር፤ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ሰውዬው ስለ ራሳቸው ፕሮጀክት ሲያወሩ ትንሽ ቅመም ጨምረውበት ይሆናል፤ ቀንሰን እንስማው። ቀንሰንም ቢሆን ከእኛ አዳራሽ ይሻላል። እነዚያን ልጆች በሞዴል 22 ፈርሙ ያላቸው የለም።

የአዋቂው ችግር ግን ጣቱ ላይ አይደለም፤ የሚጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ተጀመረ፤ በሦስት ዓመት አምስት ሚሊዮን ሰው በበይነ መረብ፣ በነፃ፣ ፕሮግራሚንግና መሰል ሙያ እንዲማር። ደግ ሐሳብ ነው፤ የተማረበትም ተምሮበታል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን «ምን ቻልክ?» የሚል ጠያቂ ሳይሆን «ሰርተፍኬቱን አወጣህ?» የሚል ጠያቂ በዛ። የልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ጥያቄውን የመለሰው ስድስተኛ ክፍል ያለውን ልጁን ከቲቪ አስነስቶ ነው። «ና እስቲ ይቺን ጨርስልኝ።» ልጁ ጨረሰለት፤ ሰርተፍኬቱ በአባት ስም ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ እኛም «እንኳን ደስ ያለህ!» አልን። ብድር በምድር ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋና የቤት ሥራው በቴሌግራም ሲዘንብ፣ የሕፃናቱን ወርክሺት እኩለ ሌሊት ድረስ የሠራነው እኛ አልነበርንም እንዴ?

በዚህ ሰፈር የሚያስቀኝ፣ ነክቶ መማር ለልደታ አዲስ ወሬ አለመሆኑ ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ተግባረ ዕድ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ አለ፤ እዚያ መፍጨርጨር የሌለበት ትምህርት የለም፤ ማሽኑን ያልነካ ማሽን አይማርም። በ1940ዎቹ ከስዊድን ጋር በመተባበር የቆመው የሕንፃ ኮሌጅም እዚሁ ልደታ ነው። እጃቸው ላይ ሲሚንቶ የያዙ ሰዎችን ያስመረቀ ሰፈር ዛሬ ስክሪን በዳንቴል ይሸፍናል።

ወደ ፍርድ ቤቱ በኩል ብትወርዱ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት አለ። ልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ተደርድረዋል። ክስ ይጻፋል፣ መልስ ይጻፋል፣ ይግባኝ ይጻፋል፤ ቀጠሮው ሊደርስ አሥር ደቂቃ የቀረው ባለጉዳይ ከኋላ ቆሞ «ቶሎ በይ ልጄ» ይላል። እዚያ የሚሠሩት ወጣቶች አብዛኞቹ የተማሩት ከቀደመች ጸሐፊ ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው ነው። ፓወር ግዕዙን፣ ስካኑን፣ ገጽ አወጣጡን፣ የተጨናነቀ ፕሪንተር ሆድ መክፈቱን ሁሉ። ሲሳሳቱ ጠበቃው ይጮኻል፤ ወዲያው ያርማሉ፤ ያን ስህተት ሁለተኛ አይደግሙትም። ባለሙያዎቹ «ፈጣን ግብረ መልስ» እያሉ ስላይድ ላይ የሚጽፉት ይህን መሰለኝ።

የእኛ ሥልጠና በመጨረሻው ቀን ሰርተፍኬት ይሰጣል ተባለ። የመሥሪያ ቤቱ ባለ ቀለም ፕሪንተር ቀለም የለውም። አስተባባሪው ፍላሽ ይዞ ወደ አንዷ ጽሕፈት ቤት ሲሮጥ፣ ስሜ በትክክል መጻፉን ላረጋግጥ ብዬ ተከተልኩት።

ልጅቷ ፋይሉን ከፈተች። ፍላሹ ቫይረስ ነበረበት፤ አጸዳችው። «መልቲሚዲያ» የሚለው «መልትሚዳ» ተብሎ ነበር፤ ሳትጠይቅ አስተካከለችው። የመሥሪያ ቤቱ አርማ ተጨምድዶ ነበር፤ ጎትታ መለሰችው። ስሞቹን አንድ በአንድ ሲገለብጥ ሊውል የመጣው አስተባባሪ፣ ዝርዝሩን ከኤክሴል በአንድ ጊዜ ስታስገባው አይቶ «እንዴት ነው ያደረግሽው?» አለ። አሳየችው። እሱም እጁን ሰዶ ሞከረው፤ ተሳሳተ፤ «እሱን ሳይሆን ይቺን፣ ጋሼ» አለችው፤ እንደገና ሞከረ፤ ሆነለት። በሥልጠናው ቀናት ሁሉ ሲደሰት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰርተፍኬቶቹ እየሞቁ ከፕሪንተሩ ሲወጡ አንዲት ስም የሌላት ትርፍ ወጣች።

«ይቺስ ጋሼ? ስሜን ልጻፍባት?» አለች እየሳቀች።

አስተባባሪው ግን ከልቡ አሰበበት። «አይሆንም፣ እህቴ» አላት። «አቴንዳንስ ላይ አልፈረምሽማ።»