ሥጋ በማይበላበት ቤት ስለሚስተናገዱ እንግዶች የወጣ አዋጅ

የጓዳ ነጋሪት ጋዜጣ
አዋጅ ቁጥር 1/2017

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በዚህ ቤት ሥጋ መብላት የቀረው በባለቤቶቹ ፈቃድ እንጂ በበሽታ፣ በድህነት ወይም በአዲስ ሃይማኖት ምክንያት ባለመሆኑ፤

እንግዶቻችን በዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ በነቢያት፣ በሐዋርያት፣ በፍልሰታ፣ ከዚያም በየረቡዕና በየዓርቡ እዚሁ ገበታ ቀርበው ሽሮውን እየጠቀለሉ «እጅሽ ይባረክ» ሲሉ የኖሩ ሆነው ሳለ፣ ያው ሽሮ በበዓል ቀን በቅቤ አብዶ ሲቀርብላቸው ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስል ፊታቸው የሚጠቁር በመሆኑ፤

በዓመት ከ200 ቀን በላይ ሥጋ ሳይነካ የሚያድር ምእመን፣ በቀሩት ቀናት አንዲት ምሳ ያለ ሥጋ ብትቀርብለት አንድ ነገር ይሆናል የሚለው ስጋት መሠረት የሌለው በመሆኑ፤

ከሁሉ በላይ በዘንድሮው ፋሲካ የተፈጸመውን «እንግዳ ክቡር ነው» ብሎ ብቻ ማለፍ ያልተቻለ በመሆኑ፤

የባልና ሚስት ጉባኤ በአንድ የድጋፍ ድምፅ እና በአንድ ዘግይቶ በመጣ የድጋፍ ድምፅ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የፌስታሉ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። የትኛው ፌስታል እንደሆነ በአንቀጽ 5 ይታያል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1. «ሥጋ» ማለት ድስት ከመግባቱ በፊት ይተነፍስ የነበረ ማናቸውም ምግብ ነው። ዶሮ ሥጋ ነው። ዓሣም ሥጋ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ የተተወ ሲሆን፣ በዚህ ቤት ፋይሉ አልተከፈተም።

2. «የሽምብራ ዓሣ» ማለት ከሽምብራ ዱቄት ተለውሶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ በዘይት የተጠበሰ፣ ውኃ ያየው ሲለወስ ብቻ የሆነ ዓሣ ነው። በወጣችን ውስጥ በነፃነት ይዋኛል።

3. «ትንሽ» ማለት እንግዳው «ትንሽ ሥጋ ጣል ብታደርጊበት ምን ነበረበት?» ሲል የሚያስበው፣ ከሩብ ኪሎ የማያንስ ነገር ነው።

4. በወንድ ጾታ የተገለጸው የሴትንም ይጨምራል። የዘንድሮውን ፋሲካ የሚመለከተው ግን በወንድ ጾታ እንደተገለጸ ይቆያል።

አንቀጽ 3፤ የተፈጻሚነት ወሰን

ከደጃፉ እስከ በረንዳው።

አንቀጽ 4፤ ስለሚቀርብ ምግብ

በጾም ቀን በያይነቱ፤ በፍስክ ቀን በያይነቱ በቅቤ፣ ከአይብና ከእንቁላል ጋር። ከዚህ ቤት ተርቦ የወጣ ሰው እስካሁን አልታየም።

አንቀጽ 5፤ ሥጋ ይዞ ስለመምጣት

1. ማንኛውም እንግዳ ወደዚህ ቤት ሥጋ ይዞ መግባት አይችልም።

2. በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ፦

ሀ) ከልኳንዳ ወደ ቤቱ ሲያልፍ «እግረ መንገዴን» ብሎ የገባ እንግዳ፣ ሥጋውን ግቢው በር ላይ ከጥበቃው ዘንድ አኑሮ መግባት ይችላል። ሲመለስ ጎድሎ ካገኘው ጉዳዩ የእሱና የጥበቃው ነው።

ለ) ቋንጣን «ደርቋል እኮ» ብሎ ማስገባት አይቻልም። መድረቅ ከሥጋነት አያወጣም። ሆኖም ቋንጣው ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ በሚላክ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ፣ ሻንጣውም እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ካልተከፈተ፣ የስደተኛን ናፍቆት በማክበር ይታለፋል።

ሐ) ዶሮ ወጥ ይዞ መጥቶ «እናንተ እንቁላሉን ብቻ ብሉ» ማለት አይፈቀድም። እንቁላሉን እንበላለን፤ የሰነበተው ግን ከዐሥራ ሁለቱ የዶሮ ብልቶች ጋር ነው። «መረቁን ብቻ» የሚለውም በዚሁ ይሸፈናል። «ለእናንተ ብዬ ሥጋውን ለቅሜ አውጥቼላችኋለሁ» ማለት ጥፋቱን ያከብደዋል፤ ለቃሚዋ የባል እናት ከሆኑ ግን ስለ ደግነታቸው ብቻ ጉንጫቸው ተስሞ ሳህኑ ይመለሳል።

መ) ቦዘና ሽሮ፣ ሽሮ ተብሎ ስለተጠራ ብቻ ሽሮ አይሆንም።

ሠ) ሕፃን ልጅ በእጁ የያዘውን ደጅ ጨርሶ ይግባ።

ረ) ቁርጥ በማናቸውም ሁኔታ አይፈቀድም። ጉዳዩ የተለየ ክብደት ያለው በመሆኑ እንደሚከተለው ይዘረዘራል፦

(1) እንግዳው የባል አጎት መሆኑ፣ ዕለቱም ፋሲካ መሆኑ ልዩ ሁኔታ አይሆንም።

(2) ሥጋውን በጥቁር ፌስታል ከጋቢ ሥር ይዞ ገብቶ፣ እንኳን አደረሳችሁ ተባብሎ ተሳስሞ እስኪያበቃ መደበቅ፣ ድርጊቱን ሆን ተብሎ የተፈጸመ ያደርገዋል።

(3) ፌስታሉን መሶቡ ላይ፣ ከአይቡ ጎን ዘርግቶ «ለእናንተ እንዳልከብድ ብዬ ነው» ማለት እንደ መከላከያ አይቀርብም።

(4) እንዳይከብድ ብሎ የመጣ እንግዳ የቤቱን ቢላ፣ የቤቱን መክተፊያ፣ የቤቱን ሚጥሚጣና የቤቱን አዋዜ በተከታታይ ካስመጣ መከላከያው በራሱ ይፈርሳል። መክተፊያው የእንጨት ከሆነና ጎመን ብቻ ሲከተፍበት የኖረ ከሆነ ካሣ ይከፈላል።

(5) አይብ ከፊቱ ተቀምጦ «ጾሙ አልተፈታም እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ጥያቄ ተብሎ አይመዘገብም።

(6) ቁርጡን በአስተናጋጇ ጎመን እያባበሉ ከጨረሱ በኋላ «ጎመንሽ ለሥጋ ይሆናል» ማለትም አድናቆት ተብሎ አይመዘገብም።

(7) «ጌታ ተነሥቶ እኛ ሽሮ እንበላለን?» የሚለውን ንግግር በተመለከተ፣ ትንሣኤው በበሬ የሚረጋገጥ ስለመሆኑ ለጉባኤው የቀረበ ማስረጃ የለም።

(8) ደግሞም ሽሮ ብቻ አልነበረም። ይህ በመዝገብ ይያዝልኝ። ቁሌቱ የተጣደው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ነው የተከተፈው፤ ያው ሽንኩርት፣ ያው በርበሬ፣ ያው ንጥር ቅቤ፣ ያው መከለሻ። የቀረችው ዶሮዋ ብቻ ናት። እንቁላሉ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ጎን ጎኑ ተበጥቶ ገብቶበታል። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሲያድሩ እኔ ምድጃ ሥር ቆሜ አድሬአለሁ። ዓይኔ እስኪያብጥ! ጋሼ፣ የድስቱን ክዳን እንኳ አላነሡትም እኮ! ሸተት አርገውት «አይ፣ ዶሮ የለበትም» ቢሉ ይሻለኝ ነበር። ምን አድርጌዎት ነው? እርስዎ ቤት ስመጣ ሽሮዬን በዕቃ ቋጥሬ መጥቼ አውቃለሁ? ያቀረቡልኝን ድንች በልቼ፣ ሥጋ ያልነካውን ጥግ ፈልጌ፣ «ጠግቤአለሁ» ብዬ፣ አመስግኜ አይደል የምወጣው?

(9) ጉባኤው ከዚህ በላይ ያለው ተራ ቁጥር ከአዋጅ ቋንቋ መውጣቱን ተመልክቶ እንዳለ እንዲቆይ ወስኗል።

ሰ) ቁርጥን በጉርሻ መልክ ወደ ባለቤቶቹ አፍ ማቅረብ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ጉርሻ እምቢ እንደማይባል እያወቁ ይህን ማድረግ እጅን ጠምዝዞ ከማስፈረም ይቆጠራል። በዘንድሮው ፋሲካ ከባለቤቶቹ አንዱ በአጎት እጅ የቀረበለትን ጉርሻ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀብሏል። «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ሲመጣ ዓይኑን አልጨፈነም። የዚህ ባለቤት ማንነት ለቤተሰብ ክብር ሲባል አይገለጽም። ባለቤቶቹ ሁለት ነን፤ እኔ አይደለሁም።

ሸ) የሕሊና ልዩ ሁኔታ። እኚሁ እንግዳ ሙስሊም ጎረቤታቸው ልጁን ሲድር ተጠርተው የሙስሊም ሥጋ አይበሉም፤ ማንም ነውር አላላቸውም። ጎረቤትየው ቀድሞ ለክርስቲያን እንግዶቹ በክርስቲያን እጅ አሳርዶ፣ ድስቱን ለይቶ፣ ገበታውን ለይቶ ጠበቃቸው። እሳቸውም በተራቸው ልጃቸውን ሲድሩ ለሙስሊሞቹ እንዲሁ አደረጉ። አገሩ የኖረው በዚህ ነው፤ የሰው ሆድ የማይቀበለውን ባለማስገደድ። በሁለቱም ሠርግ ላይ ፌስታል ይዞ የመጣ የለም። ታዲያ ይህ ክብር ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ እኛ በር ላይ ሲደርስ ምን ሆኖ ቀረ?

ቀ) ለዚህ መልስ የሚሆነውን ጉባኤው መርምሮ የደረሰበት እንደሚከተለው ነው። ባገራችን ሥጋን ለመከልከል ሥልጣን ያላቸው አካላት ሦስት ብቻ ናቸው።

አንደኛው ፈጣሪ ነው። እሱ ከከለከለ ልኳንዳው ይዘጋል፣ ማንም አያጉረመርምም።

ሁለተኛው ሐኪም ነው። «ሪህ አለብኝ» ወይም «ኮሌስትሮል አሉኝ» ያለ ሰው ሳህኑ ይለወጥለታል፣ ይታዘንለታል፣ አስተናጋጇም «ውይ፣ እኔን!» ብላ ተነሥታ ለብቻው ትሠራለታለች። እኛም ለአንዳንድ እንግዳ ሐኪም እንደከለከለን አድርገን ተናግረን ወዲያው ሰላም አግኝተናል። ጤነኛ ሰው በገዛ ቤቱ ተከብሮ ለመብላት መታመም አለበት ማለት ነው። «አልፈልግም» የሚል ቃል ግን ፈቃድ ሰጪ አካል የለውም። ጌታ ሳያዝሽ፣ ሐኪም ሳያዝሽ፣ አንቺ ማን ነሽ? ጥያቄው ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ፣ ፕሮቲኑም፣ ባህሉም፣ «ልጁን አደረቀችው»ም፣ የዚህ ጥያቄ ልብስ ነው። ባል አልፈልግም ሲል ሚስቱ ከለከለችው ይባላል። ሚስት አልፈልግም ስትል ሙያ የላትም ይባላል።

ሦስተኛው ኪስ ነው። ስለ እሱ ማንም አያወራም። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንዲት ሴት ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ዘንድሮ ዶሮ አልገዙም። ልጆቹ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው የሌላውን ቤት ወጥ ሲያሸቱ ነው የዋሉት። «ለምን ሥጋ አትበሉም? ጾሙ አልተፈታም እንዴ? ፕሮቲን ከየት ታገኛላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። ጋሼ ያንን ኪሎ ሥጋ በጋቢያቸው ሸፍነው፣ ልጆቹን «ጠጋ በሉ» ብለው አልፈው ነው ወደ እኛ የወጡት። ሥጋ ለማይፈልግ ሰው ተሸክመው፣ ለሚፈልግ ሰው በሩ ላይ ሸፍነው።

3. በዚህ አንቀጽ የተደነገገው ላይ አማላጅ አንቀበልም።

አንቀጽ 6፤ ስለ ቅርጫ

አንገባም። ለበሬው ሲዋጣ በራችን አይንኳኳ። «ድርሻችሁን ለሌላ ትሰጣላችሁ» የሚል ሐሳብ ካለ፣ ለማን እንደሚሰጥ ከዚህ በላይ ተጠቁሟል።

አንቀጽ 7፤ ስለ ፕሮቲን

ከምስሩ።

አንቀጽ 8፤ ስለ ውጭ አገር ዘመዶች

ዋሽንግተን ሳሉ የፈረንጅ ጓደኞቻቸውን ይዘው በያይነቱ በሚሸጥበት የሀበሻ ምግብ ቤት ሲኮሩ የሚውሉ ዘመዶች፣ አገር ቤት መጥተው ያንኑ በያይነቱ ሲያዩ «ሌላ የለም?» ማለት አይችሉም።

አንቀጽ 9፤ የተሻሩ ልማዶች

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ልማድ፣ አሉባልታ ወይም የአማት ምክር በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 10፤ የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች

1. «ነገ እመለስበታለሁ» ተብሎ በማቀዝቀዣችን ውስጥ፣ ከወተቱ በላይ የተቀመጠው ተራፊ ሥጋ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ባለቤቱ መጥተው እንዲወስዱት ጥሪ ተደርጓል። ለታችኛው ፎቅ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ሌላ ሰው ቆርጦ የተረፈውን ለጎረቤት መላክ ነውር ነው ተብሎ ውድቅ ሆኗል። ያልተከፈተው ድስት ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ወርዶላቸዋል። ልጆቹ «ዶሮዋ የታለች?» ብለው ጠይቀዋል፤ ይህ ጥያቄ በአንቀጽ 5 አይሸፈንም።

2. ሁለት ጉርሻ የተቀበለው ባለቤት ምሕረት ተደርጎለታል። ምሕረቱ የሚጸናው መክተፊያውን በሎሚና በጨው አሽቶ አጥቦ ሲጨርስ ነው። ሽታው ለቅቋል ወይስ አልለቀቀም የሚለውን የምትወስነው ሚስት ስትሆን፣ በውሳኔዋ ላይ ይግባኝ የለም።

አንቀጽ 11፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በማቀዝቀዣው በር ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ሚስት ፈርማለች።
ባል እያጠበ ነው።