ዳይፐር በዲግሪ

በዋሽንግተን ዲሲ የሕፃናት መዋያ ዋና አስተማሪ ለመሆን ሕጉ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ይጠይቃል። ስድስት ልጅ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሐበሻ እናት የሰው ልጅ ዳይፐር ለመቀየር ደብተሯን ይዛ ኮሌጅ ትገባለች ማለት ነው። ይሁን፤ መማር ማንን ጎዳ!

ደግነቱ ከተማው «ተማሩ» ብሎ ብቻ አልተዋቸውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ምክር ቤቱ በሀብታሞች ላይ ግብር ጨመረ፤ በ2022 ከዚሁ ግብር ለአስተማሪዎቹ እስከ 14,000 ዶላር ድጎማ መከፈል ጀመረ። ነገሩ ሠመረ፤ በሙያው የሚሰማራውም ሰው በረከተ። ታዲያ የሠመረ ነገር ከዓይን መች ያመልጣል? በ2024 ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር በጀት ጠበበ ብለው ድጎማው ጨርሶ እንዲቀር ሐሳብ አቀረቡ። ለአስፋልቱ፣ ለስታዲየሙ ሲሆን ግን ገንዘብ ከየትም ከየትም ይገኛል፤ አስፋልት አያለቅስማ።

ምክር ቤቱ ተሟግቶ 70 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስመለሰ። የከርሞውን ከርሞ ያውቃል። ሕፃናቱ እንደሆኑ ድምፅ አይሰጡ፣ ግብር አይከፍሉ። አስተማሪዎቻቸው ሰልፍ እንዳይወጡ ደግሞ፣ ልጆቹን ማን ይያዝላቸው?